ለዋርድ ነርሶች የጽኑ ሕሙማን እንክብካቤ፦ አምስት ቀን ቢሰጣችሁ ምን ታስተምራላችሁ?

የሥልጠና አስተባባሪ

ጤና ይስጥልኝ። የነርሶች ሥልጠና አስተባባሪ ነኝ። የምሠራው እንደ ብዙዎቻችሁ ሁሉ ሰውም ዕቃም በማይበቃበት ሆስፒታል ነው። ለዋርድ ነርሶች የጽኑ ሕሙማን እንክብካቤ ሥልጠና እንድናዘጋጅ ተጠይቀን አምስት የሥራ ቀን ተፈቅዶልናል። የተላከልን ረቂቅ ፕሮግራም ግን ከግማሽ በላይ ስለ ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ነው፦ ሞዶቹ፣ አላርሞቹ፣ ታካሚውን ከማሽኑ ማላቀቅ። ከሚሠለጥኑት ነርሶች አብዛኞቹ ቬንቲሌተር ያለበት ክፍል ገብተው አይሠሩም።

እ.ኤ.አ. በ2025 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ በ22 የአፍሪካ አገሮች ሆስፒታሎች የተሠራ ጥናት አለ። ሆስፒታል ከተኙት ስምንት ሰዎች አንዱ ጽኑ ሕመምተኛ ነው፤ ከነዚህም ከሦስቱ ሁለቱ ያሉት ጽኑ ሕሙማን ክፍል (አይ.ሲ.ዩ.) ሳይሆን ተራ ዋርድ ውስጥ ነው። ትንፋሽ ካጠራቸው መካከል ኦክስጅን ያገኙት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ረቂቁን እንዳለ ማስተማር ከበደኝ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። በአምስት ቀን ምን ይቀድማል? ምኑን ትቆርጡታላችሁ? የሠለጠናችሁም ንገሩኝ፤ ወደ ዋርድ ስትመለሱ በእርግጥ የሠራችሁበት የትኛው ነው?

የማታ ተረኛ

እህቴ፣ ከትንፋሽ ቆጠራ ጀምሪ። እውነቴን ነው።

የማንኛውንም ዋርድ ቻርት ክፈቺና የትንፋሽ ዓምዱን እይው። 20፣ 20፣ 22፣ 20። አልጋ 4 ላይ ያለው ሰውዬ ቁጭ ብሎ፣ ትከሻው ከፍ ዝቅ እያለ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ እያለከለከ ነው፤ ቻርቱ ግን 20 ይላል። ነርሷ ሰንፋ አይደለም። ግፊቱን ማሽን ይለካላታል፣ ሙቀቱን ቴርሞሜትር ይነግራታል፤ ትንፋሽ ለመቁጠር ግን አንድ ሙሉ ደቂቃ ደረቱን እያየች መቆም አለባት፤ የሚጠብቋት ደግሞ ብዙ ናቸው። ከዚያ በላይ ደግሞ 36 ብላ ብትጽፍም ምን እንድታደርግ ማንም አልነገራትም። ቁጥሩ ለፋይል የሚጻፍ ከሆነ 20ም 36ም ያው ነው።

ስለዚህ ቆጠራው ብቻውን አይበቃም፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጋር አንድ ሥራ አስሪበት። በታንዛኒያ ሙሂምቢሊ ሆስፒታል አይ.ሲ.ዩ. ውስጥ የተሞከረውን እዩት። ትንፋሽ ከ8 በታች ወይም ከ30 በላይ፣ ኦክስጅን ከ90 በመቶ በታች፣ የላይኛው የደም ግፊት ከ90 በታች፣ የልብ ምት ከ40 በታች ወይም ከ130 በላይ ከሆነ ነርሷ ወዲያው የምትሠራው ነገር በወረቀት ተለይቶ ተሰጣት፣ ለዚያም ሠለጠነች። ግፊታቸው ወርዶ ከገቡት መካከል የሞቱት ከ92 በመቶ ወደ 69 በመቶ ወረዱ። አሁንም ብዙ ሰው ነው የሞተው። ግን ይህ ለውጥ አዲስ ማሽን ተገዝቶ የመጣ አይደለም።

ሰመመን ሰጪ

በትንፋሹ እስማማለሁ። ቀጥሎ የአየር ቱቦ (አየር ወደ ሳንባ የሚገባበት መንገድ) ይምጣ።

ራሱን ስቶ በጀርባው ተኝቶ የሚያንኮራፋ ሰው እንቅልፍ ላይ አይደለም፤ ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ እየታነቀ ነው። አገጩን ማንሳት፣ መንጋጋውን ወደፊት መግፋት፣ አፉን በሰክሽን (በመምጠጫ) ማጽዳት፣ የራሱ ትንፋሽ ካለው በጎኑ ማስተኛት፦ እነዚህን ማንኛዋም ነርስ ያለ ሐኪም ትችላለች፤ ከሁሉም በላይ ሕይወት የሚያተርፉትም እነሱ ናቸው።

አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚያስገባ ከረጢት) ላይ ግማሽ ቀን አሳልፉ። የማየው ችግር ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፦ ማስኩን ፊት ላይ ወደ ታች ይጫኑታል፤ አገጩ ይታጠፋል፤ አየሩ በጎን ይወጣል ወይም ሆድ ይነፋል። መደረግ ያለበት ተቃራኒው ነው። አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ማስኩን ይይዙታል፤ የቀሩት ሦስት ጣቶች የመንጋጋው አጥንት ላይ ያርፉና (ከአገጭ ሥር ያለው ለስላሳው ሥጋ ላይ አይደለም) ፊቱን ወደ ማስኩ ይስቡታል። እጃችሁ ትንሽ ከሆነ ወይም ታካሚው ከባድ ከሆነ አንዷ በሁለት እጇ ማስኩን ትያዝ፣ ሌላዋ ትጭመቅ። ለአዋቂ በየ6 ሰከንዱ አንድ ጊዜ፣ ደረቱ ከፍ ሲል እስኪታይ ብቻ። ሰው ሲደነግጥ በጣም ያፈጥነዋል፤ ስለዚህ እየቆጠሩ እንዲለማመዱ አድርጉ።

እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ውስጥ ፖሊዮ ሲነሳ መተንፈሻ ማሽኖቹ አልበቁም። ቢዮርን ኢብሰን የተባለ የሰመመን ሐኪም የታካሚዎቹን ጉሮሮ አስከፍቶ ቱቦ አስገባ፤ የሕክምና ተማሪዎችም ተራ እየገቡ ሌት ተቀን በእጃቸው አየር አስገቡላቸው። ከ80 በመቶ በላይ የነበረው ሞት ወደ ሩብ አካባቢ ወረደ። የዛሬው አይ.ሲ.ዩ. የተወለደው ከዚያ ነው። ከማሽኑ በፊት እጅና ያለማቋረጥ የሚከታተል ሰው ነበር።

አይ.ሲ.ዩ. ነርስ

የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። «መሠረታዊው ይበቃል» እያልን ቬንቲሌተሩን ስንተወው ማሽኑ ያለበት ክፍል የምንሠራ ነርሶች ምንም ሳንማር እንቀራለን። ማሽኑ በእርዳታ ይመጣል፣ ይተከላል፣ ሻጩ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ቁልፎቹን ያሳያል፣ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሌሊት ከማሽኑ ጋር የምንቀረው እኛ ነን። ቱቦው በአክታ ሲደፈን፣ ታካሚው ማደንዘዣው አልቆበት ቱቦውን ሲነቅል፣ አላርም ሲጮህና «ዝም በል» የሚለው ቁልፍ ብቻ ሲጫን ሰው ይሞታል። ይህ የእውቀት ጉድለት ነው፤ እውቀቱም ለእኛ ይገባል።

ሰመመን ሰጪ

@አይ.ሲ.ዩ. ነርስ፣ ልክ ነሽ፤ እኔም ይቅር አላልኩም። የእናንተ ሥልጠና በአምስት ቀን የሚያልቅ አይደለም። ወራት ይፈልጋል፣ አልጋ ዳር ከሚቆም ሰው ጋር። ከዋርድ ነርሶች ጋር ደርበን ስንሰጠው እናንተም አትጠግቡም፣ እነሱም ግራ ይጋባሉ። ለሁላችንም ግን ከመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ይያዝ፦ አላርም ጮሆ ምክንያቱ ካልገባችሁ ታካሚውን ከማሽኑ ነቅላችሁ በኦክስጅን በአምቡ ባግ አየር ስጡትና ቀና ብላችሁ ሰውየውን እዩት። ባጉ በቀላሉ ከተጨመቀና ደረቱ ከተነሳ ችግሩ ማሽኑ ጋ ነው። ለመጭመቅ ከከበደ ቱቦው ወይም ሳንባው ጋ ነው።

ባዮሜድ

ነርስ አይደለሁም፤ የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ። ግን ከአምስቱ ቀን ግማሿን ለኦክስጅን ስጡኝ።

ሲሊንደር ስትረከቡ ጌጁን አንብባችሁ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አስሉ። ይዘቱ እንደ ሲሊንደሩ ዓይነት ይለያያል። ትልቁ፣ ጄ የሚባለው፣ ሙሉ ሲሆን 6,800 ሊትር ያህል ይይዛል። ለአንድ ታካሚ በደቂቃ 5 ሊትር ከከፈታችሁ 6,800ን ለ5 ስታካፍሉት 1,360 ደቂቃ ይመጣል፤ ወደ 22 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። በ10 ሊትር ከሆነ 11 ሰዓት ከሩብ ያህል ብቻ። ጌጁ ሩብ ላይ ከሆነ በ10 ሊትር ሦስት ሰዓት እንኳ አይሞላም። የማታ ተረኛዋ ይህን ስትረከብ ካሰላችው መለዋወጫውን ቀድማ ታስመጣለች። ካላሰላችው ማስኩ ፊቱ ላይ እንዳለ ሲሊንደሩ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ማስክ የተደረገለት ሰው ከሩቅ ሲታይ እየታከመ ስለሚመስል ማንም ቶሎ አይጠራጠርም።

ኮንሰንትሬተር የክፍሉን አየር ስቦ ናይትሮጅኑን አስቀርቶ ኦክስጅኑን ይሰጣል። ባለ 5 ሊትሩ ከ5 በላይ አይሰጥም። ከረጢት ያለውን ማስክ እሱ ላይ ስትሰኩ አያለሁ፤ ተዉት። ያ ማስክ ከ10 እስከ 15 ሊትር ይፈልጋል። ከረጢቱ አየር አጥቶ ከተጣበቀ ታካሚው የሚስበው አየር አጥሮታል ማለት ነው። ለኮንሰንትሬተር የአፍንጫ ቱቦ ይሻላል። የአቧራ ማጣሪያውን ደግሞ ቢያንስ በሳምንት አንዴ አውጥታችሁ በውኃና በሳሙና እጠቡት፣ ሲደርቅ መልሱት። እኔ ዘንድ ተበላሽተው የሚመጡ ብዙዎቹ በአቧራ የታፈኑ ናቸው። መብራት ሲሄድ የሚተካ ሲሊንደር ከነመፍቻው አጠገቡ ይኑር፤ መፍቻው ሌላ ክፍል ተቆልፎበት ከሆነ ሲሊንደሩ የለም እንደማለት ነው።

ተማሪ ነርስ

ይቅርታ በመሃል ልግባ። ኦክሲሜትር (ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ) 93 እያለ ታካሚው ግን ሲያለከልክ አይቻለሁ። የትኛውን እንመን?

የሕፃናት ሐኪም

@ተማሪ ነርስ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ታካሚውን እመኚ። መጀመሪያ ጣቱን እይ፦ ከቀዘቀዘ አሙቂው፣ ጥፍሩ ቀለም ከተቀባ ሌላ ጣት ሞክሪ፣ ማሽኑ የሚያሳየው የልብ ምት በእጅሽ ከቆጠርሽው ጋር ካልገጠመ ቁጥሩን አትቀበዪ። ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ኦክሲሜትሩ ደህና ቁጥር እያሳየ ደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን የወረደ ሕመምተኞች በጥቁሮች ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚበዙ አሳይቷል። ስለዚህ ጥቁር ቆዳ ባለው ሰው 92 እና 93 ሲታይ ትንፋሹም ከተፋጠነ ኦክስጅን ጀምሪለት።

አሁን ወደ አስተባባሪዋ ልመለስ። በደም ሥር ስለሚሰጥ ፈሳሽ ማንም አላነሳም፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምፈራው እሱን ነው። ከበለጸጉ አገሮች የሚመጡ ስላይዶች «ሾክ (የደም ዝውውር መዳከም) ካየህ ፈሳሽ በፍጥነት አፍስስ» ይላሉ። ፊስት የተባለው ጥናት፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ውስጥ፣ ትኩሳት ያለባቸውንና የደም ዝውውራቸው የተዳከመ 3,141 ሕፃናት ተከትሎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጣ። ፈጣን ፈሳሽ ካገኙት በ48 ሰዓት ውስጥ 10 ከግማሽ በመቶ ያህሉ ሞቱ፤ ፈጣኑን ፈሳሽ ካላገኙት 7.3 በመቶ። ዛምቢያ ውስጥ በአዋቂዎች ላይ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ጥናትም ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያውክ) ይዟቸው የደም ግፊታቸው ከወረደ ሰዎች መካከል፣ ብዙዎቹ ኤች.አይ.ቪ. ያለባቸው፣ ፈሳሽ በብዛትና በፕሮቶኮል ያገኙት 48.1 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ የታከሙት 33 በመቶ መሞታቸውን አሳየ።

ልብ በሉ፣ በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀበት ሕፃን ከፊስት ጥናት ውጭ ነበር፤ እሱ አሁንም ፈሳሹን ይፈልጋል። የሚደማ ሰውም እንዲሁ። ነርሷ መማር ያለባት ፈሳሽ ከጀመረች በኋላ ተመልሳ ማየትን ነው፦ ትንፋሹ ጨመረ? ጉበቱ አበጠ? ደረቱ ውስጥ እንደ ፈላ ውኃ ድምፅ መጣ? ይህን የምታይ ነርስ ሳንባው ውኃ ከመሙላቱ በፊት ታቆመዋለች።

ለሕፃናት የዓለም ጤና ድርጅት ኢታት የሚባል (የድንገተኛ ልየታ፣ ግምገማና ሕክምና) ሥልጠና አለው። ብላንታየር፣ ማላዊ፣ ንግሥት ኤልሳቤጥ ሆስፒታል የድንገተኛ ልየታውንና አቀባበሉን ሲያስተካክል ተኝተው ከሚታከሙ ሕፃናት ከ10 እስከ 18 በመቶ የነበረው ሞት ወደ 6 እና 8 በመቶ ወርዷል። መጀመሪያ የለወጡት ወረፋውን ነው። በጽኑ የታመመው ልጅ ከበር ላይ ተለይቶ ቀድሞ ገባ።

የቀድሞ ማትሮን

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን ሁሉ በደስታ አነበብኩ። ያልተነሳ ነገር ግን አለ።

ነርሷ ትንፋሹን 36 ቆጠረች፤ ኦክሲሜትሩ 84 አለ። ኦክስጅኑ ጥግ ላይ አለ። «ትዕዛዝ የለም» ብላ ሐኪም ፍለጋ ወጣች። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ክፍል ነው። ስትመለስ አልፏል። እስኪ ንገሩኝ፣ ይህች ነርስ የጎደላት ሥልጠና ነው? ብዙ ጊዜ የጎደላት ፈቃድ ነው። ደፍራ ጀምራ የተቆጧትን፣ «ማን አዘዘሽ?» የተባለችውን ሁሉም ያውቃል። ሥልጠና ከመጀመራችሁ በፊት ከሜዲካል ዳይሬክተሩና ከማትሮኗ (ከነርሶች ኃላፊዋ) ጋር ተቀመጡና የተፈረመ ቋሚ ትዕዛዝ አውጡ፦ ኦክስጅን መጀመር፣ የአየር ቱቦ መክፈት፣ ስኳር መለካትና ዝቅ ካለ ዴክስትሮስ መስጠት፣ መንዘፍዘፍ ማቆም። የፊርማው ወረቀት በየዋርዱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ያለዚያ እውቀቱን ይዘው ተመልሰው እጃቸውን አጣጥፈው ይቆማሉ፤ እሱም ሕሊናቸውን ይጎዳዋል።

ሁለተኛ፣ የሠለጠነችውን አታዛውሯት። ዛሬ ሠልጥና በሚቀጥለው ወር ወደ ተመላላሽ ክፍል ትላካለች፤ ምክንያቱም የዝውውር ዝርዝሩን የሚያወጣው ሰው ሥልጠናውን አያውቅም። ቢያንስ አንድ ዓመት እዚያው ትቆይ ብላችሁ አስፈርሙ። ከአገር መውጣቱን ማስቀረት አንችልም፤ የውስጥ ዝውውሩን ግን እንችላለን።

ሦስተኛ፣ የሰው ቁጥር። በበለጸጉ አገሮች አይ.ሲ.ዩ. ውስጥ ማሽን ላይ ላለ አንድ ወይም ሁለት ታካሚ አንድ ነርስ ይመደባል። እኛ ጋ አንዷ ዋርድ ሙሉ ይዛለች። ሥልጠናው ይህን አይፈታውም፤ ይፈታዋል ብሎ ለአለቆች የሚያቀርብ ሰው ካለም አትመኑት። ነርሷን ግን ከሁሉም አልጋ ቀድማ የትኛው ጋ መሄድ እንዳለባት ልታስተምሯት ትችላላችሁ። ጽኑዎቹን ከነርሶች ጠረጴዛ አጠገብ አሰባስቧቸው፤ አልጋ መግፋት ገንዘብ አይጠይቅም።

ተጓዥ አሰልጣኝ

እናታችን ያሉትን ሁሉ በፊርማዬ አጸናለሁ። እኔ ስለ አሰጣጡ ልናገር።

አምስቱን ቀን አዳራሽ ውስጥ አትጨርሱት። ጠዋት አንድ ነገር አስተምሩ፣ ከሰዓት ዋርድ ገብታችሁ እውነተኛ ታካሚ ላይ አሠሩት። ማኒኪን (የልምምድ አሻንጉሊት) ከሌለ ለትንፋሽ ቆጠራና ለማስተኛት እርስ በርሳቸው ይለማመዱ፤ ለአምቡ ባግ ግን ማኒኪን ተበደሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ከቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መሠረታዊ የድንገተኛ ሕክምና ሥልጠና በነፃ ይገኛል፣ ለእንዲህ ዓይነት ሆስፒታል የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በስምምነት የወጣው የመሠረታዊ ድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን እንክብካቤ ዝርዝርም 40 ተግባሮችን ይዟል፤ በማንኛውም ዋርድ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው። አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ከመጻፍ ከእነዚህ መምረጥ ይሻላል።

የእጅ ሙያ በወራት ውስጥ ይረሳል። አምስት ቀን አስተምሮ ሰርተፍኬት ሰጥቶ መለያየት ይህን አይመልስም። እንደኔ ሦስቱን ቀን አሁን ስጡ፤ የሁለቱን ቀን ሰዓት በትኑት። በሳምንት አንዴ፣ ርክክብ ላይ፣ አሥር ደቂቃ፣ እዚያው ዋርድ። አንድ ሳምንት አምቡ ባግ፣ ሌላ ሳምንት ሲሊንደር ማስላት። የሚያስተምረውም የዋርዱ ነርስ ይሁን። ከውጭ የሚመጣ ሰው ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ግን የለም።

አንድ ልመና ደግሞ አለኝ። በልምምድ ላይ የሚሳሳትን ሰው በሰው ፊት አታሳፍሩት። ሲኒየር ነርሶች ከጀማሪዎች ጋር ሲቀላቀሉ ፊት ላለማጣት ሲሉ አይነኩም፣ አይጠይቁም። መጀመሪያ ለብቻቸው አለማምዷቸውና በኋላ እነሱው አስተማሪ ይሁኑ።

የሥልጠና አስተባባሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ረቂቁን መልሼ ልጽፈው ነው። የመጀመሪያው ቀን በሙሉ ቁጥርና ሥራ ይሆናል፦ ትንፋሽ፣ ኦክስጅን፣ ግፊት፣ ምት፣ ንቃት፣ ከእያንዳንዱ ጋር የሚሠራው። ሁለተኛው ቀን የአየር ቱቦ፣ አምቡ ባግና ኦክስጅን፤ ከሰዓቱን ለባዮሜዳችን እሰጠዋለሁ። ሦስተኛው ፈሳሽና ራሱን የሳተ ሰው እንክብካቤ። የቀረው በየሳምንቱ ይበተናል። ቬንቲሌተሩ ለአይ.ሲ.ዩ. ነርሶች ብቻ፣ ራሱን ችሎ፣ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲሰጥ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ከማንኛውም በፊት ግን እናታችን ያሉትን ቋሚ ትዕዛዝ ይዤ ወደ ሜዲካል ዳይሬክተሩ እሄዳለሁ፤ ካልተፈረመ ቀኑን አልቆርጥም።

የማታ ተረኛ

ደስ ብሎኛል። አንድ የቀረኝ ነገር፦ ኢንፉዥን ፓምፕ (መድኃኒት በልክ የሚያስገባ ማሽን) የለንም፤ ሐኪሞች ግን ኖርአድሬናሊን (የደም ግፊት የሚያነሳ መድኃኒት) ያዛሉ። በጠብታ ስንሰጥ እንዴት እናስላው?

ሰመመን ሰጪ

ባለ 60 ጠብታውን (60 ጠብታው አንድ ሚሊ ሊትር የሚሆነውን) ማይክሮድሪፕ ተጠቀሙ። በእሱ በሰዓት ያለው ሚሊ ሊትር ቁጥርና በደቂቃ ያለው የጠብታ ቁጥር አንድ ነው፤ ማካፈል የለም። 4 ሚሊ ግራሙ 250 ሚሊ ሊትር ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 16 ማይክሮ ግራም ይይዛል። ታካሚው 50 ኪሎ ቢሆንና የታዘዘው 0.1 ማይክሮ ግራም በኪሎ በደቂቃ ቢሆን፣ በደቂቃ 5፣ በሰዓት 300 ማይክሮ ግራም ነው። 300 ለ16 ወደ 19 ይመጣል። ስለዚህ በደቂቃ 19 ጠብታ።

በተለመደው ባለ 20 ጠብታ ድሪፕ ይኸው መጠን በደቂቃ 6 ጠብታ ብቻ ይሆናል፤ አንዲት ጠብታ ስትጨምር መጠኑ በስድስተኛ ያህል ይዘላል። ለዚህ ነው በእሱ አትስጡ የምለው። ክንዱን ባጠፈ ቁጥር ጠብታው ይለወጣል፣ ስለዚህ ሲጀመር በየ5 ደቂቃው፣ ሲረጋጋ በየ15 ደቂቃው ጠብታውንም ግፊቱንም ቁጠሩ። ትልቅ የክንድ ሥር ምረጡ፤ እጅ ጀርባ ላይ አይሁን። ዙሪያው ከነጣ ወይም ካበጠ አቁማችሁ በሌላ ክንድ ጀምሩ። በዚያ መስመር ሌላ መድኃኒት በመርፌ አትግፉ፤ ቱቦው ውስጥ ያለው ኖርአድሬናሊን በአንድ ጊዜ ይገባበታል። ይህን ሁሉ ለአንድ ታካሚ የምታደርግ ነርስ በዚያ ሌሊት ሌላ ብዙ አልጋ ልትይዝ አትችልም። ከመጀመራችሁ በፊት ለተረኛ ሐኪሙ ይህን ንገሩትና ማን አጠገቡ እንደሚቆም ወስኑ።